አስጠኚው አንስታይን

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1900 ዙሪክ ላይ የተመረቀው በሒሳብና በፊዚክስ መምህርነት ነው። ቋሚ የማስተማር ሥራ ግን አጣ። በ1902 በርን ከተማ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፦ ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ፣ የመጀመሪያው ሙከራ በነፃ ነው።

ሞሪስ ሶሎቪን የሚባል የፍልስፍና ተማሪ መጣ። ጥናቱ ብዙም ሳይቆይ ክርክር ሆነ። ኮንራድ ሐቢሽት ሲጨመር ሦስቱ ሂዩምንና ማኽን እያነበቡ ሲሟገቱ ያመሹ ጀመር። አንስታይን ሂዩምን ማንበቡ ለ1905ቱ የአንጻራዊነት ሐሳብ እንደረዳው በኋላ ተናግሯል።

እኛ ጋ «ሌላ ከጠፋ አስተምራለሁ» ይባላል። ደሞዙን መመዘን ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ በፍቅር አይከፈልም። ማስተማርን ከፊዚክስ መውጫ በር አድርጎ ማየት ግን ከዚህ ታሪክ ጋር አይሄድም። ፊዚክስ ተምረህ ላስተምር አላስተምር እያልክ ከሆነ፣ መጀመሪያ አንድ የሚሟገትህ ተማሪ ፈልግ።