የካኪናዳው ቀለበት፤ ሥራ ፈጠራን የሚያስተምር መምህር የት ይሠለጥናል?

እ.ኤ.አ. በ1964 በህንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለችው የካኪናዳ ወደብ ነጋዴዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ ሃይደራባድ መሄድ ጀመሩ። እዚያ ያለው የአነስተኛ ኢንዱስትሪ ማሠልጠኛ ተቋም ለአሥር ቀን ያህል ተቀበላቸው። የተማሩት ግን ሒሳብ አያያዝ አልነበረም። አሠልጣኙ ወለሉ ላይ እንጨት ያቆምና ቀለበቶች ይሰጣቸዋል። ከየት ርቀት ላይ ቆሞ እንደሚወረውር የሚወስነው ራሱ ሠልጣኙ ነው። አንዱ እንዳይስት ብሎ ከእንጨቱ ሥር ይቆማል። ሌላው ዕድሌን ልሞክር ብሎ ከግድግዳው ጥግ ይወረውራል። ሦስተኛው ደግሞ ሊስትም ሊያገባም የሚችልበትን ቦታ ይመርጣል፤ ሲስት አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ ሲያገባ አንድ እርምጃ ይርቃል። ጨዋታው ሲያልቅ ጥያቄው ይመጣል፦ ለምን እዚያ ቆምክ? ሱቅህ ውስጥስ የምትቆመው የት ነው?

የዚህ ሥልጠና ጠንሳሽ የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ለአንድ ማኅበረሰብ ዕድገት ከካፒታልና ከማዕድን ባልተናነሰ የሰዎቹ የስኬት ፍላጎት ወሳኝ ነው ሲል ተከራክሯል። የካኪናዳን ነጋዴዎች ያሠለጠነውም ይህ ፍላጎት በአዋቂ ሰው ላይ በሥልጠና ሊዳብር ይችል እንደሆነ ለመፈተን ነው። ከዴቪድ ዊንተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት፣ የሠለጠኑት ነጋዴዎች በቀጣዮቹ ዓመታት ካልሠለጠኑት የበለጠ ሲንቀሳቀሱ መታየታቸውን ጽፏል።

ተቃውሞው ወዲያው ነበር የተነሳው። በዚያ ዘመን ህንድ ፋብሪካ ለማስፋፋት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠየቅባት አገር ናት። እጁ የታሰረን ሰው «ምኞትህ አንሷል» ማለት ድህነቱን በራሱ ላይ ማላከክ አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ግማሹን የመለሰችው የጉጃራት ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የግዛቲቱ የኢንዱስትሪ ተቋማት ሙያ ኖሯቸው ገንዘብ ለሌላቸው ቴክኒሻኖች ያለ መያዣ ማበደር ጀመሩ። ብድሩ ብቻውን እንደማይበቃ ሲያዩ ሥልጠናውን አከሉበት። ከዚያ ልምድ እ.ኤ.አ. በ1983 በአህመዳባድ አካባቢ በቪ.ጂ. ፓቴል መሪነት የሥራ ፈጠራ ልማት ተቋም ተወለደ። ተቋሙ ብዙም ሳይቆይ ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጡ አሠልጣኞችን ማሠልጠን ያዘ። የህንድ መንግሥት የትብብር ፕሮግራም እንዲህ ላለው ጉዞ ወጪ ይሸፍናል፤ ከኢትዮጵያም የመንግሥት ሠራተኞች በዚሁ ፕሮግራም ወደ ህንድ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ሄደች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ሪፖርት፣ በናይሮቢ መንገድ ዳር ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውና ሳንዱቅ የሚሠራው ሰው ሥራ ፈት ሳይሆን የኢኮኖሚው አካል መሆኑን አስረዳ። ኬንያውያን እነዚህን ሠራተኞች ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 መንግሥት የቴክኒክ ተቋማት በሙሉ ሥራ ፈጠራን በትምህርትነት እንዲሰጡ ወሰነ። ማን ያስተምረው? ያሉት መምህራን የብየዳ፣ የኤሌክትሪክ፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከወር ደመወዝ በቀር ሌላ ገቢ የማያውቁ። መፍትሔው ከአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ መምህራኑን ማሠልጠን፣ ቀጥሎም የማስተርስ ፕሮግራሙን በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መክፈት ሆነ። ኬንያን የማደንቃት ለዚህ ነው፤ ሥልጠናውን ከውጭ ወስዳ አገር ቤት ተከለችው።

በአሜሪካ ደግሞ የባብሰን ኮሌጁ ጄፍሪ ቲመንስ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ቀላል ግን ብልህ ሐሳብ አመጣ። ወደ ሥልጠናው የሚመጣ መምህር ብቻውን አይምጣ፤ አብሮት የሚያስተምር አንድ ሥራ ፈጣሪ ይዞ ይምጣ አለ። ያተረፈና የከሰረ ሰው አጠገቡ ሲቆም መምህሩ በትርጓሜ ብቻ ሊያመልጥ አይችልም።

ወደ እኛ እንምጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት የንግድ ትምህርት ቤቶች ታይፒስት፣ ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ አፈሩ። አይወቀሱም፤ መሥሪያ ቤቱና ባንኩ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። በደርግ ጊዜማ ነገሩ ከነጭራሹ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ የአንድን የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ገደበ። ጣሪያው እንዲህ ዝቅ ባለበት ቤት ማን «ተነሥና ቁም» ብሎ ያስተምራል?

የካኪናዳው ቀለበት አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከል ተቋቋመ፤ የሚያሠለጥነውም ኤምፕሬቴክ በተባለው ዘዴ ነው። ዘዴው የማክሌላንድን ሐሳብ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና የተጀመረ ነው። ሠልጣኙ ስለ ሥራ ፈጣሪ አሥር ባሕርያት ሌክቸር ሰምቶ አይሄድም፤ ሥልጠናው ሳያልቅ ትንሽ ገንዘብ ተበድሮ፣ አንድ ነገር ሸጦ፣ ብድሩን መልሶ ትርፍና ኪሳራውን በሁሉም ፊት ይናገራል።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ ፈጠራ ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርስ ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ቀለበቱም ብድሩም የለም። ሞጁል አለ፣ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ። «ሥራ ፈጣሪ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ከሀ እስከ መ ይመረጣል። የአንድ ሳንቲም ዕቃ ሳይሸጥ ኤ የሚያገኝ ተማሪ እያወጣን ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። ውጭ ሠልጥኖ የተመለሰ መምህር ተማሪዎቹ ሳሙና ሠርተው ይሽጡ ቢል፣ ጥሬ ዕቃውን ግዥ ክፍል መቼ ይገዛለታል? የሽያጩስ ገንዘብ በማን ደረሰኝ ገቢ ይሆናል? በመመሪያ የማይመለስ ጥያቄ ሲበዛበት ወደ ፓወርፖይንቱ ይመለሳል። ጉጃራት ሥልጠናውንና ብድሩን ያጋባችው፣ ኬንያም ፕሮግራሙን ወደ ራሷ ዩኒቨርሲቲ ያመጣችው በከንቱ አልነበረም።

ስለዚህ መምህራንን ለሥልጠና ወደ ውጭ የምትልኩ የሥራ ኃላፊዎች፣ ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጁ። መምህሩ ሲመለስ ተማሪዎቹ የሚነግዱበት መጠነኛ ገንዘብና ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት ግልጽ መመሪያ ይኑር። ከከተማው ገበያም አብሮት ክፍል የሚገባ አንድ ነጋዴ ይፈለግ። እነዚህ ካልተዘጋጁ ጉዞው ቢቀር ይሻላል፤ የአበሉ ገንዘብ ለተማሪዎቹ መነሻ ካፒታል ይሁን።