አውራሪስ፦ በቀንዱ ምክንያት የሚታደነው ግዙፍ እንስሳ

አውራሪስ በየብስ ላይ ከሚኖሩ እንስሳት በግዝፈት ከዝሆን ቀጥሎ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በዓለም ላይ አምስት ዝርያዎች አሉት። ጥቁርና ነጭ አውራሪስ በአፍሪካ፣ የሕንድ፣ የጃቫና የሱማትራ አውራሪሶች ደግሞ በእስያ ይኖራሉ።

ጥቁርና ነጭ ይባሉ እንጂ የሁለቱም ቆዳ ግራጫ ነው። የሚለዩት በአፋቸው ነው። የጥቁሩ የላይኛው ከንፈር ሾጣጣ በመኾኑ ከቁጥቋጦ ላይ ቅጠልና ቀንበጥ ለመሸምጠጥ ያመቸዋል። የነጩ ከንፈር ግን ሰፊ ስለኾነ እንደ በሬ ሣር ይግጣል። ዐይናቸው ደካማ ሲኾን አካባቢያቸውን በይበልጥ የሚያውቁት በማሽተትና በመስማት ነው።

ላም ዘጠኝ ወራት ገደማ አርግዛ ትወልዳለች። የአፍሪካ አውራሪስ ግን ከ15 እስከ 16 ወራት አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ቀጣዩን ለመውለድም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመታት ይፈጅባታል። በዚህ ምክንያት በአደን የሞተውን ለመተካት ረጅም ዘመን ያስፈልጋል።

የሚታደነው ለቀንዱ ሲባል ነው። ቀንዱ እንደ በሬ ቀንድ በውስጡ አጥንት የለውም፤ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ኬራቲን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። ኾኖም በእስያ ለመድኃኒትነት፣ በየመን ለጩቤ እጀታ ሲፈለግ ኖሯል። በሀገራችንም የጎራዴ እጀታና ዋንጫ ይሠራበት ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 አካባቢ 65 ሺህ ገደማ የነበረው የጥቁር አውራሪስ ቁጥር በ1995 ከ2 ሺህ 500 በታች ወርዷል። በኢትዮጵያ ይኖር የነበረውም ጨርሶ ጠፍቷል። የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት 2018 በኬንያ ከሞተ ወዲህ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው።

ጥበቃ ሲደረግ ግን ውጤት ይገኛል። የደቡቡ ነጭ አውራሪስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ100 በታች እንደቀረ ይገመት ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ በተደረገለት ጥበቃ ዛሬ ከ15 ሺህ በላይ ደርሷል። ጥቁሩም ከ6 ሺህ በላይ ኾኗል። የቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1977 ጀምሮ ታግዷል። አንዳንድ ፓርኮች አዳኙ ትርፍ እንዳያገኝ ቀንዱን አስቀድመው ይቆርጣሉ፤ ከሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ እንደ ጥፍር መልሶ ያድጋል። በናሚቢያ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ጠባቂዎች ኾነው ከቱሪዝም ገቢ ይጠቀማሉ።

ከኢትዮጵያ የጠፋው ጥቁር አውራሪስ ዛሬም በጎረቤት ኬንያ አለ። የሰሜን ተራሮች ዋልያ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትኛውም ዱር አይገኝም፤ ከዚህ ከጠፋ የሚተካበት ሌላ ሀገር የለም።