ከሙቀት የተወለደ እርጋታ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በችግር መካከል የማይናወጠውን ሰው «ካልም» ይሉታል። እኛ ረጋ ያለ፣ የሰከነ እንለዋለን። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሰው ስናስብ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ የሆነ፣ ምንም የማይሰማው ሰው ይመስለናል። የቃሉ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል።

የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የቃሉ ሥር «ካውማ» የተባለ የግሪክ ቃል ነው፤ ፍቺውም የሚያቃጥል ሙቀት ማለት ነው። በራእይ 7፥16 እና 16፥9 ላይ የምናገኘውም ይህንኑ ቃል ነው። በቀትር ፀሐይ ስትበረታ ሰውም ከብትም ሥራውን ትቶ ጥላ ሥር ያርፋል። ስለዚህ የሙቀቱ ስም ለዕረፍቱ ተሰጠ፤ ቆይቶም ማዕበል የሌለበት ባሕር በዚሁ ቃል ተጠራ። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ ከባሕርና ከነፋስም አልፎ ለሰው ልብ መጠሪያ ሆነ።

የባሕሩን ጸጥታና የልብን ጸጥታ ለይቶ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1736 «ሲመንድስ» የተባለች መርከብ ወደ ጆርጂያ እየተጓዘች ሳለ ከባድ ማዕበል መታት። በመርከቧ ላይ የ32 ዓመቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆን ዌስሊ ነበር። ከጀርመን የመጡ ሞራቪያውያን አማኞችም አብረው ይጓዙ ነበር። እነርሱ አምልኮ ጀምረው መዝሙር ሲዘምሩ ባሕሩ መርከቧን አለበሳት፤ ትልቁን ሸራ ቀደደው፤ ውኃው ወደ ውስጥ ገባ። እንግሊዛውያኑ ጮኹ። ሞራቪያውያኑ ግን መዝሙሩን አላቋረጡም።

ዌስሊ በኋላ ከእነርሱ አንዱን አልፈራህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እግዚአብሔርን አመስግኖ አልፈራሁም አለ። ሴቶቻችሁና ልጆቻችሁስ ቢለው፣ እነርሱም ሞትን እንደማይፈሩ ነገረው። ዌስሊ ደነገጠ። ለሌሎች ወንጌልን ሊሰብክ የወጣው እርሱ ራሱ ሞትን ይፈራ ነበርና። ጸሎቱ፣ ጾሙ፣ ትምህርቱ ሁሉ ያን ሰላም አልሰጠውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1738 ማታ፣ ለንደን ውስጥ በአልደርስጌት መንገድ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ሰማ። ያን ጊዜ ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ ታመነ። በዚያች ሰዓት የሆነለትን ሲገልጽ ልቡ እንደ ሞቀ ጻፈ።

የቃል ታሪክ የእምነት መሠረት አይሆንም። ሆኖም እዚህ የሚያስተምረን ነገር አለ። ዌስሊ በመርከቧ ላይ ያጣውን እርጋታ ያገኘው ልቡን በማቀዝቀዝ አይደለም። እርጋታው የመጣው ልቡን ካሞቀው ጌታ ነው። ሞራቪያውያኑም የዘመሩት ማዕበሉ ስላልደረሰባቸው አልነበረም፤ ውኃው እነርሱንም አርሷል።

በማርቆስ 4 ላይ ጌታችን በዚያው ማዕበል፣ በዚያችው ታንኳ ተኝቶ ነበር። ባሕሩ ጸጥ ያለው በኋላ ነው፤ እርሱ ግን ከዚያ በፊትም ያረፈ ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ዛሬ የቤት ኪራይ፣ የሕመም ውጤት ወይም የልጅ ነገር እያናወጠህ፣ እያናወጠሽ ይሆናል። «ተረጋጉ» የሚል ምክር ብቻውን አያሳርፍም። እስቲ ዌስሊ የጠየቀውን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ፤ ሰላማችን ባሕሩ ጸጥ ሲል ብቻ የሚመጣ ነው ወይስ በታንኳው ውስጥ ባለው ጌታ ላይ የተመሠረተ?

ጌታ ልባችንን ያሙቅ፤ ያሳርፈንም። አሜን።