ሙቀትና መሳብ በሰው አካል ላይ፤ ከወጌሻ እጅ እስከ አልትራሳውንድ

1ኛ/ መግቢያ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው የሰውን አካል በማሞቅና በመሳብ የማከምን ልማድ ታሪክ ነው። ለምርመራው ምክንያት የሆነው በዘመናችን የሚነገር አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አልትራሳውንድ በሚባለው መሣሪያ የወንድን አባለ ዘር እያሞቁና እየሳቡ ማስረዘም ይቻላል የሚለው ነው። ነገሩ ለአደባባይ የሚያሳፍር ቢመስልም፣ ወጣቶች በስውር የሚጨነቁበትና በስውር የሚጎዱበት ስለሆነ፣ ዝም ከማለት ይልቅ በታሪክና በሕክምና ዕውቀት መመዘኑ ይሻላል።

2ኛ/ የአገር ቤት ልማድ

በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪና በጅሩ አገር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ አጥንቱ የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው የተጎዳውን ስፍራ በቅቤ ያሻል፤ ሥጋው ሲላላለት አካሉን ስቦ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያም በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ደግፎ ያስረዋል። የወጌሻ ሥራ እንግዲህ ማላላትና መሳብ ነው ማለት ይቻላል። ዓላማውም አካሉን ወደ ነበረበት መመለስ እንጂ ካልነበረበት ማድረስ አይደለም። ልክ የማያውቀው ወጌሻ ግን አጥብቆ ስለሚያስር፣ ደም መዘዋወሩን አቁሞ እጃቸው ወይም እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሕሙማን በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል።

በሙቀት መታከምም እንዲሁ ጥንታዊ ነው። የአጼ ምኒልክ መንግሥት ከአንኮበርና ከልቼ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ከሄደ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የታወቀ ነው። ሕዝቡም ቁርጥማትና የቆዳ በሽታ ሲይዘው በዚያ ፍል ውሃ ይታጠብ ነበር። ስለዚህ ዋና ከተማችን በከፊል የሙቀት ሕክምና ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለ ወንድነት መጨነቅም አዲስ አይደለም። ደብተራዎች ሲገለብጧቸው በኖሩትና እንደ ስቴፋን ስትሬልሲን ያሉ ሊቃውንት ባጠኗቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የወንድ ኃይል ሲደክም የሚሰጡ መድኃኒቶች ይገኛሉ። ጭንቀቱ የቆየ ነው፤ አዲሱ መሣሪያው ነው።

3ኛ/ የድምፅ ሞገድ ወደ ሕክምና እንዴት ገባ

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ ፈጥኖ የሚርገበገብ የድምፅ ሞገድ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን በባሕር ውስጥ የተሰወሩ መርከቦችን ለማግኘት ይህን ሞገድ ሲሞክር፣ ሞገዱ በሚያልፍበት ውሃ ውስጥ ዓሣዎች እንደሚሞቱና በውሃው ውስጥ የገባ እጅም እንደሚያም ተገነዘበ። እንግዲህ ሞገዱ በሥጋ ላይ ያለው ኃይል በመጀመሪያ የታወቀው በጉዳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር ፖልማን የተባለው ተመራማሪ ሕሙማንን ለማከም አዋለው። በ1955 ጌርስተን የተባለው ሐኪም ይህ ሞገድ የጅማትን የመለጠጥ ችሎታ እንደሚጨምር አሳየ። በ1970 ደግሞ ሌማንና ጓደኞቹ የአይጥ ጭራ ጅማት እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ሲሳብ፣ ሳይሞቅ ከሚሳበው ይልቅ ርዝመቱን እንደያዘ እንደሚቀር አስረዱ።

ዛሬ የሚነገረው ተስፋ የተነሣው ከዚህ ዓይነቱ ምርምር ነው። ነገር ግን ሐኪሞቹ ይህን ዕውቀት የፈለጉት በቁስል፣ በጠባሳ ወይም ባለመንቀሳቀስ ያጠረውን ጅማት ለመመለስ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የታጠፉ ጣቶቻቸው ደርቀው እንዳይቀሩ እጃቸውን በውሃ እያራሱ፣ ቅባት እየቀቡና ቀስ እያሉ እየዘረጉ ይታከማሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የእጁ ስሜት የጠፋበት ሕመምተኛ ሙቀት ሳይታወቀው የሚያቃጥለው መሆኑ ነው። ልክ የሌለው ሙቀት መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ እሳት ይሆናል።

4ኛ/ መሳብ ያስረዝማልን?

ሕያው ሥጋ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ ሊያድግ መቻሉ የታወቀ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በሙርሲ ሕዝብ ዘንድ የልጃገረዶች የታችኛው ከንፈር ተበስቶ፣ በወራት ውስጥ እየተተካ በሚሄድ እንጨት እየሰፋ ትልቅ ሸክላ እስኪይዝ ይደርሳል። ሸክላው ሲወጣ ግን ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ ቀድሞው ለመመለስ የፈለገች ሴት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ሥጋ ሲሳብ ይረዝማል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የወንድን አባለ ዘር በተመለከተ፣ ጥቂት ሐኪሞች በቀን ለብዙ ሰዓት ለወራት የሚታሰር የመሳቢያ መሣሪያ ሞክረው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጭማሪ ማየታቸውን ጽፈዋል። የተፈተኑት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። አልትራሳውንድም ፔይሮኒ በተባለው በሽታ ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ሆኖም የጸና ሕክምና ሆኖ አልቀረም። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1743 ስለ እርሱ ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከደ ላ ፔይሮኒ ሲሆን፣ በአካሉ ውስጥ ያለው ጽኑ ሽፋን ጠባሳ ይዞ የሚጎብጥበትና የሚያጥርበት ነው። በአካሉ ላይ የሚደርስ ጉዳት ለዚህ ጠባሳ ምክንያት ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ያለ ሐኪም በኃይል የሚስብ ሰው የሸሸውን ነገር በገዛ እጁ ሊያመጣ ይችላል።

5ኛ/ የሚበልጠው አደጋ

የዘር ፍሬ ሥራውን የሚሠራው ከቀረው አካል ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ በሚያንስ ሙቀት ነው። ከአካል ውጭ የተንጠለጠለውም ስለዚህ ነው። በዚህም ምክንያት ፋሂም የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ አልትራሳውንድን የመረመሩት ለማስረዘም ሳይሆን የወንድን ዘር ለማቆም፣ ማለት ለወሊድ መከላከያ ነበር። በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራም ሞገዱ የዘርን መፈጠር ለማገድ እንደሚችል አሳይተዋል። የፊዚዮቴራፒ ትምህርትም መሣሪያው በዘር ፍሬ ላይ እንዳይውል ያስጠነቅቃል።

የጅሩ ገበሬ ይህን ፍርድ ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይችላል። ስሙ በሩቅ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋ የሚደልበው ተኮላሽቶ ነው። ግዝፈቱን ያገኘው ዘሩን ሰጥቶ ነው፤ ገበሬውም ልውውጡን አውቆ ያደርገዋል። በስውር መሣሪያ ገዝቶ ራሱን የሚያሞቅ ወጣት ግን ምን ሰጥቶ ምን እንደሚቀበል አላወቀም።

6ኛ/ መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2015 ቪልና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በ15,521 ወንዶች ላይ የተደረጉ ልኬቶችን አሰባስቦ፣ አባለ ዘር ሲቆም አማካይ ርዝመቱ 13.12 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ገልጿል። አጥሬያለሁ ብለው ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት ሰዎች አብዛኞቹ በተለመደው ልክ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ ሳይሆን እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ነው።

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ ሙቀትና መሳብ ከወጌሻው እጅ እስከ ዘመናዊው መሣሪያ ድረስ ሰውን የረዱት ያጠረውን ለመመለስ፣ የደረቀውን ለማላላት ሲውሉ ነው። ጤነኛውን አካል ከልኩ ለማሳለፍ ሲውሉ ግን የታሪኩ ምስክርነት ይለወጣል። በኅብረተሰባችን ስለዚህ አካል መናገር ነውር ሆኖ ስለኖረ፣ ነጋዴው የሚናገርበትን ስፍራ እኛ ትተንለታል። የተማረው ክፍል ይህን ስፍራ መልሶ ሊይዘው ይገባል።