ወደ አጃይል አሠራር የሚሻገሩ የሥራ ቡድኖች ምን ይገጥማቸዋል?

አጃይል አንድን ምርት ከዳር እስከ ዳር ነድፎና ሠርቶ በመጨረሻ ከማስረከብ ይልቅ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየሠሩ፣ ለተጠቃሚው እያሳዩና እያረሙ የመሄድ ስልት ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ ቢሆንም፣ ሥሩ ከጃፓን ፋብሪካዎች የሥራ ልምድ ጋር የተሳሰረ ነው።

ከዚያው ከጃፓን የመጣው ካይዘን ደግሞ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። መንግሥት ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ጋር በመሆን ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ኩባንያዎች ሞክሮታል፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም በዚያው በ2011 ተቋቁሟል። በደቡባዊ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያሉ አነስተኛ የልብስ ስፌት፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ማኅበራት ካይዘንን የሚያውቁት በአብዛኛው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት በኩል ነው። በክፍለ ከተማው የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል። ሠራተኞች «አምስቱ ማዎች» ብለው ከሚያስታውሷቸው ከማጣራት፣ ከማስቀመጥ፣ ከማጽዳት፣ ከማላመድና ከማዝለቅ መካከል የምታስቸግረው የመጨረሻዋ ናት። መሣሪያን በቦታው መስቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ልማዱን ማዝለቅ ግን የዓመታት ሥራ ነው። ወደ አጃይል የሚሻገር ቡድንም የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ የሶፍትዌር ቡድን ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መረከቢያ መተግበሪያ ይሠራል እንበል። በነባሩ አሠራር ወራት የፈጀ ጥናት ይቀርባል፣ ሥራው በዓመቱ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የመጋዘኑ ሠራተኛ ኔትወርክ በሌለበት ቀን መተግበሪያው እንደማይከፈት ይገነዘባል። በአጃይል ግን ከአንድ እስከ አራት ሳምንት በሚዘልቅ የመጀመሪያ ዙር፣ ኩንታል መዝግቦ ደረሰኝ የሚሰጠው ክፍል ብቻ ይሠራና መጋዘን ውስጥ ይሞከራል። የኔትወርኩ ችግር የሚታወቀው ገንዘቡ ሳያልቅ፣ ገበሬውም እህሉን አስረክቦ ያለ ደረሰኝ ሳይመለስ ነው።

ይህ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቡድኑ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ይፈትሽ የነበረው ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሠሪው ጎን መቀመጥ ይኖርበታል። ደንበኛውም ውል ፈርሞ ከመሄድ ይልቅ በየዙሩ ጊዜውን መስጠት ይጠበቅበታል። አጃይል ሰነድን የሚያስቀር የሚመስላቸው አሉ፤ ስህተት ነው። የሚቀነሰው ማንም የማያነበው ሰነድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በየማለዳው የሚደረገው የ15 ደቂቃ ውይይት ነው። ዓላማው ባልደረቦች ሥራቸውን የያዘውን እንቅፋት እንዲነጋገሩበት ነው። ነገር ግን አለቃ በተገኘበት «ይህ ሥራ አልሆነልኝም» ብሎ መናገር በመሥሪያ ቤቶቻችን ገና አልተለመደም፤ የሚናገርም እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። አለቃው ተራ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ ውይይቱ የሪፖርት መድረክ ይሆናል፣ ችግሩም እስከ ርክክቡ ቀን ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ቀድሞ መለወጥ ያለበት አለቃው ነው። የቀኑን ሥራ ማከፋፈሉን ለቡድኑ ትቶ፣ እርሱ ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነውን እንቅፋት ወደ ማስወገድ መዞር አለበት።

ሌላው መሰናክል ውሉ ነው። በተለይ ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን የጨረታ ሰነዱ የምርቱን ዝርዝር፣ ዋጋውንና የርክክቡን ቀን አስቀድሞ ስለሚወስን፣ በሙከራ የተገኘን እርማት ለማስገባት እንኳ ብዙ ደብዳቤ ይጠይቃል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሳተፍ ቡድን የጨረታ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን፣ ክፍያው በየሥራው ምዕራፍ እንዲከፈልና በየዙሩ ምርቱን የሚሞክረው የደንበኛው ተወካይ በውሉ ላይ እንዲገለጽ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።