ባለ ቁልፏ ሃርሞኒካ

እ.ኤ.አ. በ1953 «ጄነቪቭ» የተሰኘ የእንግሊዝ አስቂኝ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። የፊልሙ ሙዚቃ ጎልቶ የሚሰማው በአንዲት ሃርሞኒካ ነበር። ፊልሙ አሜሪካ ሲደርስ ግን የዜማው ደራሲ ስም ተሰርዞ ተገኘ። ሙዚቃው ለኦስካር ሲታጭም የተጠራው የኦርኬስትራው መሪ የሙር ማቲሰን ስም ነው። እውነተኛው ደራሲ ላሪ አድለር፣ በኮሚኒስት ደጋፊነት ተጠርጥሮ የአገሩ መድረክ የተዘጋበትና እንግሊዝ የተጠለለ አሜሪካዊ ነበር። ስሙ የተመለሰለት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1986 ነው።

የዚህ ሰው መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ማትያስ ሆነር በደቡብ ጀርመን፣ በትሮሲንገን፣ በ1857 ሃርሞኒካ መሥራት ጀመረ። ተራዋ ሃርሞኒካ ርካሽና ተወዳጅ ብትሆንም የፒያኖን ጥቁር ቁልፎች አታውቃቸውም። የእኛ አንቺሆዬ ቅኝት እንኳ ያለ ልዩ ዘዴ አይወጣላትም። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የሆነር ፋብሪካ ከጎኗ ቁልፍ አበጀላት። ቁልፉ ሲጫኑት አንድ ስስ ብረት ይንሸራተታል፤ እስትንፋስም ወደ ሌሎች የናስ ምላሶች ይዞርና ድምፁ በግማሽ ከፍ ይላል። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አራት ምላስ አለ፤ ሁለቱ ሲነፉ፣ ሁለቱ ሲስቡ ይጮኻሉ። ባለ 12 ቀዳዳዋ እንግዲህ 48 ምላስ አላት። በዚህች መጫወቻ በምትመስል ዕቃ ነበር ቮን ዊሊያምስ በ1951 ለአድለር ብሎ «ሮማንስ»ን የደረሰላት።

መግዛት ለሚሻ ሰው፣ እኔ ብጠየቅ፣ ከባለ 16 ይልቅ ባለ 12 ቀዳዳዋን እላለሁ፤ ለአፍም ለእጅም ትቀላለች። እያንዳንዱን ቀዳዳ በቀስታ እየነፉና እየሳቡ፣ ቁልፉን እየጫኑና እየለቀቁ መፈተን ነው። አየር የምታፈስ ከሆነች ዝቅተኞቹ ድምፆች ሳይዘገዩ ያሳብቁባታል። የእንጨት አካል ያላት ድምፀ ለስላሳ ናት ይባላል፤ ይሁንና እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ውሃ ውስጥ መንከርማ ጨርሶ አይታሰብም።

ትልቁ ጠላቷ ብርድ ነው። ሞቃት እስትንፋስ በቀዝቃዛ ናስ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛውም አየር እንዳያመልጥ በምላሶቹ አጠገብ የተለጠፉትን ስስ መክደኛዎች ያጣብቃል። ስለዚህ ከመጫወት በፊት በመዳፍ ማሞቅ፣ ከተጫወቱ በኋላ ቀዳዳዎቿን ወደ ታች አድርጎ መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግና እስክትደርቅ ከማኅደሯ ውጭ ማቆየት ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ አፍን ሳይጉመጠመጡ መንፋት ተንሸራታቹን ያስራል። በኃይል መንፋት ደግሞ ምላሱን ያደክመዋል፤ የደከመ ምላስ ድምፁ እየወረደ ሄዶ አንድ ቀን ይሰበራል።

አድለር በ1994፣ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ዘፋኞች ጋር የገርሽዊንን ዜማዎች አስቀረጸ። ሃርሞኒካውን የነፋው ራሱ ነው።