የመጽሐፍና የኤላ ፍልስፍና፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ቦረና

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ሃይማኖት፣ ፍልስፍናና ሥነ ምግባር መጠናት ከጀመሩ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነው፤ ስለ መምህራኑ፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ክፍሎቹም መቋቋምና መዘጋት ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንኑ ታሪክ ከደቡቡ ቆላ፣ ማለትም ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎና ከሞያሌ አቅጣጫ መመልከት ነው። ከዚያ ሲታይ አንድ ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም በብራና ላይ ያልሰፈረ የአንድ ሕዝብ የሥነ ምግባር አስተሳሰብ በዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ውስጥ ምን ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚል ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነገረ መለኮት ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ኮሌጁ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተውም ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የፍልስፍናውን ትምህርት መራ፤ ሃይማኖትም በመማሪያ ክፍል የሚነሣው በአብዛኛው የመደብ ትግል ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ነበር።

በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ ሥራቸውን ያላቋረጡት ምሁር ካናዳዊው አባ ክሎድ ሰምነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ፍልስፍና ያስተማሩት እኒህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ባለው ጊዜ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የተባለውን ሥራ በአምስት ቅጽ አሳተሙ። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን፣ የዘርዓ ያዕቆብና የወልደ ሕይወት ሐተታዎች፣ ዜና ስክንድስና ፊሳልጎስ በዚህ ሥራ ለዓለም አንባቢ ቀረቡ። የሐተታዎቹ ባለቤትነት ግን አከራካሪ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጽሑፎቹ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ ሰምነር ይህን ተቃወሙ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው። የፍልስፍና ምስክሩ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ እውነተኛ ከሆነ ፍልስፍናው አለ፣ ሐሰተኛ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ይህ መለኪያ በደቡቡ ቆላ ሲሞከር ችግር ያጋጥመዋል። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊበን ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎረቤት ሆነው ይኖሩባታል፤ በዙሪያዋ ደግሞ ዋቃን የሚያመልክ አርብቶ አደር አለ። ከእንዲህ ያለ ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ የሃይማኖቶችን ንጽጽር በመጽሐፍ ሳያነብ በፊት በገበያና በሰርግ ቤት ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የአካባቢው ነባር የሥነ ምግባር ትምህርት በገዳ ሥርዓት፣ በቃሉዎች ምርቃትና በኤላ ደንብ እንጂ በብራና የተጠበቀ አይደለም።

ይህን ዕውቀት በዓለም አቀፍ የምርምር መድረክ ካሳወቁት ሥራዎች መካከል የአስመሮም ለገሠ «ገዳ» የተባለው መጽሐፍ ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ጥናት በቦረና መካከል በተደረገ የመስክ ሥራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የስምንት ዓመቱን የሥልጣን ዘመን፣ የትውልድ እርከኖችን፣ ሃያ ሰባት የዕለት ስሞች ያሉትንም የቦረና የዘመን አቆጣጠር በዝርዝር ያስረዳል። መጽሐፉ የወጣው ግን በማኅበረሰብ ጥናት ዘርፍ ነው። በፍልስፍና ክፍል ዘርዓ ያዕቆብ ሲነበብ፣ ቦረና «ባህል» በሚል ርእስ ሥር ተመድቦ ቀረ። እኛ በትምህርት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ልንመረምረው የሚገባው ይህ የዘርፍ ክፍፍል ነው፤ የአንዱን ሕዝብ ሐሳብ ክርክር፣ የሌላውን ሐሳብ ደግሞ ልማድ አድርጎ አስቀምጦታልና።

ልዩነቱ ተገቢ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመረዳት የኤላዎቹን አስተዳደር መመልከት ይበቃል። ከያቤሎ በስተደቡብ በሚገኘው የድሬ ምድር ዱብሉቅን፣ ሜልባናንና ጋዮን የመሳሰሉ «ዘጠኙ ቱላ» በመባል የሚታወቁ ጥልቅ ኤላዎች አሉ። ውሃው የሚወጣው ሰዎች ከጥልቁ እስከ አፉ ተደራርበው ቆመው፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ነው። እያንዳንዱ ኤላ በጎሣው በኩል ባለ አደራ የሆነ «አባ ኤላ» አለው፤ የየዕለቱን የመጠጫ ተራ የሚደለድለው ደግሞ «አባ ሄረጋ» ይባላል። መብቱ የሚገኘው በዝምድና፣ በጉልበትና በኤላው ቁፋሮ በተደረገ አስተዋጽኦ ነው፤ በቱላ ኤላ ውሃን በገንዘብ መሸጥ ነውር ነው። በድርቅ ወይም በዘረፋ ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገኖቹ ከየመንጋቸው የሚያዋጡበት «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለ ሥርዓትም አለ። የእነዚህ ሁሉ መሠረት «ሰፉ» ነው፤ በሰውና በሰው፣ በሰውና በፍጥረት፣ በሰውና በዋቃ መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን ልክና ክብር የሚያመለክት ቃል ነው። እነሆ፣ የባለቤትነት፣ የፍትሐዊ ክፍፍልና የግዴታ ጥያቄዎች ተሟልተው ቀርበዋል፤ እነዚህም የሥነ ምግባር ፍልስፍና ዋና ዋና ጥያቄዎች ናቸው።

የውሃ ጉዳይ በነገሌ ሌላ ታሪክም አለው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምክንያታቸው የምግቡ መበላሸትና የውሃ እጦት ነበር፤ የተራ ወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይጠጡ ከልክለዋቸው ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጀኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው የራሳቸውን ምግብና ውሃ አቀረቡላቸው። ይህ አመፅ ለ1966 ዓ.ም. አብዮት መንገድ ከከፈቱት የመጀመሪያ ድርጊቶች አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። የአብዮቱ ምክንያት በእርግጥ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ወደ አንድ ጉድጓድ መመለስ አይቻልም። ነገር ግን የውሃ ተራ በሕግ በሚጠበቅበት ሕዝብ አገር ላይ፣ በዘመናዊ ሥርዓት የሠለጠነ ሠራዊት በውሃ ክፍፍል ምክንያት መፍረሱ ለሥነ ምግባር ተማሪ ታላቅ ትምህርት ነው። የጽሑፍ ሕግና የማዕረግ ተዋረድ ነበሩ፤ ያልነበረው የውሃው ባለቤት ለተጠማው ምን ግዴታ አለበት የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ የጋራ ስምምነት ነው።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቤኒኑ ፈላስፋ ፖላን ሁንቶንጂ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደተከራከረው፣ የአንድን ሕዝብ የወል እምነት ሰብስቦ «ፍልስፍና» ማለት ስሕተት ነው፤ ፍልስፍና የሚባለው የታወቀ ሰው የሚያቀርበውና ሌላው የሚተቸው ክርክር ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ቦረና በየስምንት ዓመቱ የሚያካሂደው ጉሚ ጋዮ ይህን ፈተና የሚያልፍ ይመስለናል። በዚህ ጉባኤ ነባሩ ሕግ ይታወሳል፣ ይተቻል፣ ይሻሻላል፣ አዲስም ይታወጃል፤ አስመሮም ለገሠም ጉባኤው አባ ገዳውን እስከ መሻር የሚደርስ ሥልጣን እንዳለው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተካሄደው ሠላሳ ሰባተኛው ጉባኤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። ሕጉን ለትችት የሚያቀርብ፣ ስምምነት እስኪገኝም የሚከራከር ሕዝብ ልማዱን በጭፍን የሚደግም ነው ሊባል አይችልም። ቦረና በሚኖርባት በጎረቤት አገር በኬንያ፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካም ማንበብና መጻፍ ከማያውቁ ጠቢባን ጋር በስማቸው እየተከራከረ ሐሳባቸውን በመመዝገብ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል።

በአገራችንም እርምጃው ተጀምሯል። ሰምነር ራሳቸው በመጨረሻ ከብራናው አልፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 የኦሮሞን የጥበብ ሥነ ቃል በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ወርቅነህ ቀልቤሳ የኦሮሞን የአካባቢ ሥነ ምግባር በፍልስፍና መንገድ መርምረዋል። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ስብሰባ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተመዘገበ። በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም በምትባለው ቡሌ ሆራና በያቤሎም ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክና የሥነ ምግባር ትምህርት በጋራ እንዲወስዱ ተደርጓል።

ቅርስ ሆኖ መመዝገብ ክብር ነው፤ ነገር ግን ቅርስ ይጠበቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የገዳ ትምህርት ለበዓል ብቻ የሚወሳ ከሆነ፣ ሴቶች በጉባኤው ያላቸው ቦታ፣ የከብት መንጋ በድርቅ ሲያልቅ የቡሳ ጎኖፋ ዕጣ፣ በቦቴ የሚመጣ ውሃ በሚሸጥበት ከተማ የኤላው ደንብ የሚኖረው ኃይል ሳይመረመሩ ይቀራሉ። ስለዚህ የሚጠበቅብን ሥራ ግልጽ ነው። የሥነ ምግባር መምህር ስለ ፍትሕ ሲያስተምር ከአርስቶትልና ከዘርዓ ያዕቆብ ጎን የአባ ሄረጋን ድልድል ለክርክር ያቅርብ፤ ተማሪውም የተራውን ምክንያት ይጠይቅ፣ ይደግፍ ወይም ይንቀፍ። በዩኒቨርሲቲዎቹና በኤላዎቹ መካከል ያለው መንገድ ዛሬ አጭር ነውና፣ የጉሚ ጋዮን ሽማግሎች በእንግድነት ብቻ ሳይሆን በመምህርነት መጋበዝ ይቻላል።